የአራስ ጎጆው ጭስ

አያቴና እናቴ በሰላም የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። ሁለቱም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ሁለት ሸክላ ሠሪ በአንድ ጓሮ መኖር የለበትም ብዬ የማምነው በእነሱ የተነሣ ነው። እናቴ ጭቃውን ስታለዝብ አያቴ «ቀጠነ!» ትላለች፤ ስታጠነክረው «ድንጋይ ልትሠሪልን ነው?» ትላለች። እናቴ «እሺ፣ አንቱ እንዳሉ» ብላ አንገቷን ትደፋና፣ አያቴ ዘወር ስትል መልሳ በራሷ መንገድ ታቦካዋለች። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበር ጭቅጭቁ ሲጀመር ወናፉን አብዝቶ ይነፋል። ምንም ሥራ ሳይኖረው እሳት ሲያነድ ካየሁ ቤት ውስጥ ጠብ እንዳለ አውቃለሁ።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሆነውን የሚሰሙ ሰዎች «እንዴት ያሉ የሚዋደዱ አማትና ምራት ናቸው!» ስለሚሉኝ ነው። አይዋደዱም ነበር። የሆነው የሆነው ሳይዋደዱ ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ይፋግ በሚወርደው አገር፣ ከመንገድ ገባ ብሎ ወንዝ ዳር ነበር። ሥርዓታችን ያለ ወራጅ ውሃ ስለማይሆን ሁልጊዜ የምንሰፍረው ወንዝ ዳር ነው። ከቤተ እስራኤል ወገን ሦስት ቤት ነበርን፤ የቀረው መንደር ክርስቲያን ነው። ማረሻቸውን የሚሠራላቸው አባቴ፣ ውሃ የሚቀዱበትን እንስራ የምትሠራላቸው እናቴ። ልጃቸው ሲያመው «በላው» የሚባለውም ያው አባቴ። አንዴ የአጥር ጎረቤታችን የሆነችው ሴት፣ ልጇ በትኩሳት ተይዞባት፣ «ቡዳው ይትፋበት» ብላ አባቴን በጎረምሶች አስጎትታ ወስዳው ነበር። አባቴ ተጎትቶ ሄዶ በልጇ ላይ እንትፍ ብሎ ተመለሰ። ልጁ ዳነ፤ እሷም በዚያው ሳምንት ምንም እንዳልተፈጠረ ምንቸት ልትገዛን መጣች። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ይችን ሴት እባካችሁ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ደርግ መጥቶ መሬት ሲሰጠን አባቴ የሚሆነውን አጥቶ ነበር። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ከሁሉ ቀድሞ እየደረሰ ከፊት ይቀመጥ ነበር። ደስታው ብዙም አልቆየለትም። መጀመሪያ ጸሎት ቤታችን ተዘጋ፤ ቀጥሎ የኢየሩሳሌምን ስም ያነሣ ሁሉ የጠላት ሰላይ ተባለ። ከሦስቱ ቤት አንዱ አንድ ጧት ባዶውን ተገኘ፤ ቆይቶ ሁለተኛውም። ወደ ሱዳን ጠፉ ተባለ። የቀረነው እኛ ስለነበርን የሁለቱም ቤት ቁጣ አባቴ ላይ አረፈ። ደብረ ታቦር ወስደው አሰሩት። ሲመለስ መቆም አይችልም ነበር፤ ውስጥ እግሩን ስለገረፉት ከበሩ እስከ መደቡ የሄደው በጉልበቱ ነው። አያቴ እግሩን በሞቀ ውሃ እያጠበች አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በሕይወቷ ዝም ስትል ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እደጃችን ድረስ መጣ። «ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ አንድ ቀን ጭስ ሳይወጣ ቢቀር ጎንደር ሳትደርሱ ነው የማስይዛችሁ» አለ። እውነቱን ነበር፤ በየመንገዱ ኬላ አለ፣ ኬላው ላይ ደግሞ የሚሸሸውን የሚጠብቅ ጠመንጃ ያዥ አለ። እሱ ሲሄድ አባቴ «እንሄዳለን» አለ። «እዚህ ብቀር እንደገና ይወስዱኛል። ሁለተኛ ግን አልመለስም።»

በረሃውን የሚያውቅ መንገድ መሪ ተገኘ። ከይፋግ ገበያ ማዶ ሌሎች ቤተሰቦችን ይዞ ይጠብቀናል፤ ክረምቱ ገብቶ ወንዞቹ ከሞሉ ግን እሱም አይሻገር፣ ማንም አይሻገር። እናቴ እርጉዝ ነበረች። አባቴ ከመውለዷ በፊት እንወጣለን ብሎ ነበር ያሰበው፤ ልጅቷ ግን ቸኮለች።

በእኛ ሥርዓት የወለደች ሴት ቤት ውስጥ አትቀመጥም። ከመኖሪያው ራቅ ብላ በተሠራች ትንሽ ጎጆ ትገባለች፤ በዙሪያዋ ድንጋይ ይደረደራል፤ ድንጋዩን የሚሻገር የለም። ምግቧን ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡላታል፣ ዘወር ሲሉ ትወስዳለች። የነካት ሰው ከነልብሱ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ከሰው አይቀላቀልም። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን። ሲያበቃ ሰውነቷን በወራጅ ውሃ ነክራ ትወጣለች፣ ጎጆዋም ይቃጠላል። በእኛ ቤት ልማድ ደግሞ ለሴት ልጅ ስም የምታወጣው አያቷ ናት፤ የምታወጣውም በዚያ ጎጆው በሚቃጠልበት ቀን ነው። እስከዚያ ስም የላትም፣ «ልጅቷ» ነው የምትባለው። ጎረቤቶቻችን ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ያችን ጎጆ ከእኛ ይበልጥ የሚፈሯት እነሱ ነበሩ።

እናቴ የወለደችው ሴት ነው። መንገድ መሪው የቀጠረን የገበያ ቀን ደግሞ ደርሷል።

አባቴ ከድንጋዩ ወዲህ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «በቃ አልሄድም፤ መጥተው እዚሁ ይግደሉኝ» አለ። እናቴ ከጎጆው ውስጥ «ልጆቹን ይዘህ ሂድ፤ እኔ እቀራለሁ» አለች። «ጥዬሽ?» ይላል፣ «ሂድ!» ትላለች፤ እንዲሁ ሲመላለሱ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጥግ ይዘን እናያለን። ከኋላችን አያቴ አንድ ጀበና በድንጋይ እያለሰለሰች ነበር። ሥራዋን ሳታቋርጥ «እኔ እገባለሁ» አለች።

አባቴ አልገባውም። «የት?»

«ጎጆው ውስጥ ነዋ! አራስ ሚስቱን ጥሎ የሚጠፋ ወንድ አለ? የለም። ጎጆው እስከጨሰ ድረስ ማንም አይጠረጥርህ። አንተ ልጆቹን ይዘህ ለሥራ ወርደሃል፤ ምራቴ አራስ ናት፤ እኔ እቀልባታለሁ።»

«ጎጆው ውስጥ ማን ሊኖር?»

«እኔ።»

«ምግቡንስ ማን ያቀብላል?»

«እሱንም እኔ! ምነው፣ ልጄ ጅል ሆነብኝ?»

«አንችስ?» አለ አባቴ፣ በማይሰማ ድምፅ።

አያቴ ቀሚሷን ገልባ ጉልበቷን አሳየችው። ጉልበቷ ካበጠ ዓመታት ሆኖታል፤ ወንዝ ለመውረድ እንኳ በትር ይዛ ነበር። «በዚህ ነው በረሃ የምሻገረው? ተሸክማችሁኝ ሁላችሁም ትያዛላችሁ።»

እናቴ ከውስጥ «አንቱ፣ ይሄ ነውር ነው» አለች። «ንጹሕ ሰው የአራስ ጎጆ ገብቶ፣ ሥርዓቱን መጫወቻ አድርጎ...»

«ነውሩን እኔ እታጠበዋለሁ። አንች አፍሽን ዝጊና ቀሚሴን ልበሽ!»

በዋዜማው አባቴ ወንድሜን ይዞ፣ መዶሻና ጉጠቱን ተሸክሞ፣ «ለማረሻ ሥራ ነው» እያለ በጠራራ ፀሐይ እያነከሰ ወጣ። በማግስቱ መንደሩ ወደ ገበያ ሲጎርፍ አያቴ ድንጋዩን ተሻግራ ገባች። ድንጋዩን ስትሻገር እሷም እንደ እናቴ ሆነች፤ ስለዚህ እናቴን መንካት የምትችል ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች። ከውጭ ሆኜ አያቸዋለሁ። መቀነቷን ፈታ አስታጠቀቻት። ልጅቷን ደረቷ ላይ አስራ በጋቢ ሸፈነችላት፣ ምንቸቶቹን በሣር አድርጋ ጀርባዋ ላይ ጫነችላት። ከዚያ ወገቧን መታ አደረገቻትና «ጎበጥ በይ! እኔ እንዲህ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ?» አለቻት። እናቴ ጎበጠች። አልተሳሳሙም። ከዚያ በኋላ እስከ ባሕሩ ድረስ እናቴን የነካ ሰው አልነበረም።

እኔ ትናንሽ ጀበናዎች ተሸክሜ ከፊት እሄዳለሁ፣ እናቴ በአያቴ ነጠላ ተሸፋፍና በአያቴ በትር ትከተለኛለች። መንገዱ አፍ ላይ የቀበሌው ታጣቂ ተቀምጧል። «እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረችልዎ! ምን ተገላገለች?» አለ። እናቴ የአያቴን ሳል ሳለች፣ ቀን ሙሉ የምትሰማውን ያንን ሻካራ ሳል፣ ከዚያም «ሴት» አለች። «ውይ፣ እንግዲህ ገና ብዙ ይቀልቧታል!» ብሎ ሳቀ። እናቴ በትሯን ወደ እሱ አወዛወዘች፣ ልክ አያቴ እንደምታደርገው። አማቷን እንዲህ ጠንቅቃ እንደምታውቃት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ምንቸቶቹን ይፋግ ገበያ ዳር ሣር ላይ አስቀምጠናቸው ሄድን።

ስለ መንገዱ ብዙ መናገር አልፈልግም። ከጎንደር በስተምዕራብ ያለው በረሃ የደጋ ሰው አገር አይደለም። እናቴ ሥርዓቱን አልጣሰችም፤ ከሁሉ ኋላ፣ ለብቻዋ፣ ልጅቷን ይዛ ትጓዛለች። ስናርፍ እሷ ሌላ ዛፍ ሥር ታርፋለች። ምግቧን ድንጋይ ላይ አስቀምጥና ዘወር እላለሁ። ስትደክም የሚደግፋት፣ ልጅቷን የሚቀበላት የለም። አባቴ በየመሀሉ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ስትደርስ ደግሞ ከፊቷ ይሸሻል። ለዚህ ሥርዓት ሲል ነበር የተገረፈው፤ እሱንም ከጣለ ምን ይዞ እንደሚደርስ አያውቅም ነበር። ይህ አሁን ነው የሚገባኝ። ያኔ ጠልቼው ነበር።

ውሃው ሲያልቅ የእናቴ ወተትም ነጠፈ። ልጅቷ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፣ ኋላ ማልቀሱንም ተወች። አንድ ጧት እናቴ ከዛፏ ሥር አልነሣ አለች። ጠጋ ስል «አትምጭ!» ብላ ጮኸችብኝ። አባቴ ሁኔታዋን አይቶ ወደ እሷ ሄደ፤ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። «አትንካት። አንተም ትረክሳለህ። እኔ መቼም ረክሻለሁ፣ እኔው እቀብራታለሁ።» አባቴ ጉጠቱን ወረወረላት። በጉጠት አሸዋውን ስትጭር፣ ስታወጣ፣ ስትጭር፣ እኛ ራቅ ብለን ቆመን እናያለን። እቅፍ የሚያደርጋት የለም። አሸዋውን መልሳ ስትጨርስ በስሟ ልትጠራት አፏን ከፈተች። ስም የላትም። «ልጅቷ» አለች፣ «ልጅቷ፣ ልጅቷ» እያለች መሬቱን በመዳፏ ትመታዋለች። መንገድ መሪው ተነሡ አለን፣ ተነሣን።

ሱዳን ያለው የስደተኛ መጠለያ ስንደርስ ክርስቲያን ነን አልን፤ እዚያም ቢሆን ማንነታችን ቢታወቅ ሌላ አደጋ ነበር። እናቴ ከመጠለያው ዳር ከጨርቅ በሠራችው ጥላ ሥር ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ ለጠየቀ ሁሉ በሽታ አለባት እንላለን። አንድ ቀን ከዚያ ሆና «ዛሬ ነበር የምወጣው» አለችኝ። ቀኖቿን ስትቆጥር ነበር ለካ። «ዛሬ አያትሽ ጎጆውን ታቃጥላለች።» ቀኑ ግን ለእሷ አላለቀላትም። እዚያ ያለው ውሃ በቦቴ የሚመጣ ነው፤ የቆመ ውሃ አያነጻም። ስለዚህ ሰማንያው ቀን ካለፈም በኋላ ተቀምጣ ቀረች። ወንድሜ እየሮጠ ሲሄድባት በድንጋይ እያስፈራራች ትመልሰው ነበር፣ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅሳለች። ስንት ወር እንደቆየን አላውቅም፤ መቁጠር የምትችለው እሷ ነበረች፣ እሷም መቁጠር ትታለች።

በመጨረሻ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዱን ሰዎች መጡ። በጭነት መኪና ላይ ሸራ አልብሰው ብዙ አጓጉዘው፣ በጨለማ አንድ ዳርቻ ላይ አወረዱን። ከፊታችን ጥቁር ውሃ ይጮሃል። ማናችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ነጫጭ ሰዎች የጎማ ጀልባ ይዘው «ቶሎ፣ ቶሎ» በሚመስል ቋንቋ ያንሾካሹካሉ፤ አንዲት መርከብ ወዲያ ማዶ መብራቷን አጥፍታ ቆማለች። ሰው ሁሉ ሲጋፋ እናቴ ከሩቅ አባቴን ጠራችው።

«ይሄ ውሃ የቆመ ነው ወይስ ይሄዳል?»

አባቴ ወደ ባሕሩ ዞሮ ትንሽ ተመለከተ። «ይሄዳል» አለ። «ይመለሳልም።»

«እንግዲያው ይሆናል» አለችና በጀልባው አጠገብ አልፋ ወደ ውሃው ገባች። ጉልበቷ፣ ወገቧ፣ ደረቷ፤ ከዚያ ጠፋች። ጮኽኩ። ከነጮቹ አንዱ ሊያወጣት ዘሎ ገባ፤ ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ ወጣት። አባቴ፣ ያ ሲያነክስ የኖረው አባቴ፣ ወገቡን ይዞ አስቀረው። «ተዋት! አትንካት!» ይለዋል በአማርኛ፣ ወጣቱም በራሱ ቋንቋ ይጮህበታል። ሦስት ጊዜ ጠልቃ ሦስት ጊዜ ወጣች። ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጥታ ራሴን በሁለት እጇ ያዘችው። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። እኔን በአንድ፣ ወንድሜን በሌላ ክንዷ አቅፋ፣ እንደዚያው ከነእርጥብ ልብሷ ጀልባ ላይ አወጣችን። መርከቧ ላይ ሰው ሁሉ ያስታውካል፤ እኔም አስታወክሁ፣ እሷ ላይ። አልለቀቀችንም። እጇ ግን ሁለታችንን ይዞ ሦስተኛ የሚፈልግ ይመስል ሁልጊዜ ይዳብስ ነበር።

በአዲሱ አገር እናቴ ስለ ልጅቷ ስታነሣ አሁንም «ልጅቷ» ነበር የምትላት። ለሙታን በሚጸለይ ቀን ስም ተናገሪ ሲሏት ዝም ትላለች። ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር፤ «ያለ ስም ማን ብዬ ነው የምጠራት? ማን ይሰማኛል?» ትለኝ ነበር። ስም የምታወጣው አያቴ ናት፤ ስለ አያቴ ደግሞ ወሬ የሚያመጣ ጠፋ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ መንደራችን ሄድኩ። ቤታችን ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። ያች ጎረቤታችን፣ አባቴን ያስጎተተችው ሴት፣ በሕይወት አለች። ፊቷን ላለማየት አስቤ ነበር፤ እሷ ግን ከሩቅ ለይታኝ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ሳትቀመጥ ነው መናገር የጀመረችው።

«አያትሽ ጧት ጧት ምግቡን ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡና ይጮሁባታል፤ ‹ብይ እንጅ! እንዲህ ሆነሽ ወተት ከየት ይመጣል! ምን ዓይነቷን ሰጠኝ!› ይላሉ። መንደሩ ‹አሮጊቷ አራሷን እንኳ አላሳረፈቻትም› ይላቸው ነበር። እኔም ለአራሷ ብየ ገንፎ ወሰድሁ። አመስግነው ተቀበሉኝ። በማግሥቱ ከጎጆው ጀርባ ውሻ ሲልሰው አየሁ። የእኛን እንደማትበሉ አውቃለሁ፣ በዚያ አልተቀየምሁም። ግና ዓይኔን ጣል ሳደርግ አንድ የሕፃን ጨርቅ እንኳ አልተሰጣም። ወላጅ ነኝ እኮ፤ ገባኝ።»

«ለማን ተናገሩ?» አልኳት፤ ድምፄ ክፉ ነበር።

«ለማን እናገራለሁ? ሊቀመንበሩ ‹የሕፃኗ ድምፅ ለምን አይሰማም?› ብሎ ሲመጣ፣ ‹እኔን ሌሊቱን ሙሉ በልቅሶ አላስተኛችኝም፤ ጆሮህን ምን ነካህ?› አልሁት።»

ይህን ስትነግረኝ እኅቴ ያኔ አሸዋ ውስጥ እንደነበረች አልነገርኋትም። መናገር አልቻልሁም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አነባሁ፣ እሷም ቀጠለች።

«የመጨረሻው ቀን ወንዝ ወርደው ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው መጡ። ጎጆዋን ራሳቸው ለኮሷት። ሰው ግር ብሎ ወጣ፤ ነደደች፣ ከውስጧ የወጣ ሰው የለም። ሊቀመንበሩ ‹የት አሉ?› አላቸው። ‹ደርሰዋል› አሉት። ከዚያ ለብቻቸው እልል አሉ። እልል ብለው ሲያበቁ የሕፃኗን ስም ጮክ አድርገው ጠሩ። ወስደው አሰሯቸው፤ ሲፈቷቸው መራመድ አይችሉ ነበር። እኔ ቤት ነው ያረፉ። የገዛ እህላቸውን ቆልተው በሉ እንጅ እስከ መጨረሻው የእኔን አልቀመሱም። እንዲያ ያሉ ግትር!»

ስሙን ጠየቅኋት። አስታወሰችው፤ ነገረችኝ።

ስመለስ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት፣ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ገንፎው፣ ስለ እሳቱ። ስሙን መጨረሻ ላይ ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። ከዚያ «ጥሩ ስም ነው» አለች፤ ለአያቴ ከአፏ ምስጋና ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እጇን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች።